ርዳታ ሰጪ መንግሥታት ተባባሪ አገር ስለሚመርጡበት አኳኋን
(ለከተማው ሕዝብና ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



የውጭ አገር መንግሥት በአንዱ ወረዳ የውሃ ጕድጓድ ሲያስቈፍር ጎረቤቱ ወረዳ «እኛስ ምን በደልን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በእኛ ዘንድ ሳይሆን በሰጪው አገር ምክር ቤትና ገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ይህንንም ለማስረዳት ብዙ መንግሥታትን ከመዘርዘር ይልቅ ስዊድንን ብቻ ወስጄ ለመናገር አስቤአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዝና ፈረንሳይ ርዳታቸውን በብዛት ወደ ቀድሞ ቅኝ ግዛቶቻቸው አዞሩ። ስዊድን ግን እንዲህ ያለ ግዛት ስላልነበራት መጀመሪያ የመረጠችው የምታውቀውን ነው። ሚሲዮናውያኗ በ1866 ምጽዋ ደርሰው ነበር፤ በ1934ም መኰንኖቿ በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሊያስተምሩ መጡ። ስለዚህም የኢትዮጵያ ስም ለብዙ ስዊድናዊ ግብር ከፋይ እንግዳ አልነበረም። በ1954 የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ሲከፈት፤ ምርጫው ከጥናት ይልቅ በትውውቅ የተደረገ ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ አላፍርም፤ ሰውም ብድር የሚሰጠው ለሚያውቀው ነው።

በ1962 የስዊድን ምክር ቤት ስለ ርዳታ ሰፊ መመሪያ አጸደቀ፤ በ1965ም ሲዳ የተባለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ያን ጊዜ የተያዘው ሐሳብ ገንዘቡን ለሁሉ ከመበተን በጥቂት አገሮች ላይ ማከማቸት ነበር፤ ከነዚህም ኢትዮጵያ፤ ኬንያ፤ ታንዛንያ፤ ሕንድና ፓኪስታን ይገኙባቸዋል።

ከዚሁ ዘመን ሥራ በ1967 በአርሲ በጭላሎ አውራጃ የተጀመረው ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ልዩ አስተያየት ይገባዋል። ምርጥ ዘር፤ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው ቀረበ፤ የወተት ላሞች ዝርያ ተሻሻለ፤ ምርቱም አደገ። ነገር ግን ምርቱ ሲያምር መሬቱ ተወደደ፤ አንዳንዱ ባለርስት ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን አስለቀቀ። ድኻውን ሊያነሣ የመጣው ሥራ ድኻውን ከመሬቱ ነቀለው። በስዊድንም ርዳታው ማንን እንደሚጠቅም ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ መንግሥቷም የጭሰኝነት ሕግ እንዲወጣ ደጋግሞ አሳሰበ። ረቂቁ ለኢትዮጵያ ፓርላማ ቢቀርብም እስከ 1974 ለውጥ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ትውውቅ ብቻውን አልበቃም፤ ተቀባዩ መንግሥት ለድኻው ያለው ሐሳብም ይመዘን ጀመር።

የፖለቲካ ዝንባሌም ገባበት። ስዊድን ከ1969 ጀምሮ ለአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ርዳታ ሰጠች፤ በ1970ዎቹ ሰሜን ቬትናምና ኩባ ከተረጂዎቹ ተቈጠሩ። ከጊዜ በኋላ ግን ዝርዝሩ እጅግ ስለ ረዘመ በ2007 መንግሥቷ ወደ 70 ይደርሱ የነበሩትን አገሮች ወደ 33 ገደማ እንዲያንሱ ወሰነ። ኢትዮጵያ ከሚቀሩት መካከል ሆነች፤ ከቬትናም ጋር የነበረው የቀድሞው ዓይነት ርዳታ ግን በ2013 አበቃ። በ2022 የተሾመው መንግሥት ደግሞ ለርዳታ ከአገሪቱ ገቢ ከመቶ አንድ የመስጠቱን የቈየ ደንብ ተወ፤ ዩክሬይንም በዚያው ዓመት ከተነሣው ጦርነት ወዲህ በርዳታው ፊተኛውን ስፍራ ያዘች።

ከነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ በአንድ ወረዳ ሰዎች ትጋት ወይም ስንፍና የመጡ አይደሉም። የወረዳ ሹም በስቶክሆልም ምርጫ ላይ ሥልጣን የለውም። በፊርማው ቀን ግን ሥልጣን አለው። በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የየአገሩ ሕዝብ ከወጪው ድርሻውን ያዋጣ ነበር፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያው ቀን ባለቤት ነበረው። ዛሬም የስምምነት ወረቀት ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ሲመጣ፤ ከመመረቂያው በዓል አስቀድማችሁ ዘመኑ የሚያበቃበትን አንቀጽ አንብቡ። ከዚያ በኋላ የነርሷ ደመወዝ ከየትኛው በጀት እንደሚከፈል፤ የውሃው ሞተር መለዋወጫ በማን ገንዘብ እንደሚገዛ ጠይቁ፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ።