ማክ ያልሆነው ማክ
የአፕል ማክ ኦኤስ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም የሚባለው ከተፈጥሮው ሳይሆን ከአምራቹ ውሳኔ የመጣ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር ሲዞር፣ የማክና በየቤቱ የሚገጣጠመው ፒሲ አንጎል አንድ ዓይነት ሆነ። ትልቁ ልዩነት የኮምፒውተሩ አነሳስ ላይ ቀረ፤ ኦፕንኮር የተባለው ማስነሻ ፕሮግራም መሐል ገብቶ የማዘርቦርዱን መረጃ አስተካክሎ ያቀርባል፣ ሥርዓቱም እውነተኛ ማክ ላይ ያለ ይመስለዋል። ብልሃቱ ያስደንቃል። «የማክ ኦኤስ የአጠቃቀም ፈቃድ ይከለክላል» የሚሉ ተቃዋሚዎች ትክክል ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ይሸጥ የነበረው ሳይስታር የተባለ ኩባንያ በ2009 በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ተረትቷል። ነገር ግን ማሽኑ ባይሠራ ኖሮ ክስ ባላስፈለገ ነበር። አሁን በሩን የሚዘጋው ከፍርዱ ይልቅ ቺፑ ነው፤ አፕል ከ2020 ወዲህ ማኮቹን ወደ ራሱ ፕሮሰሰር አዙሯል፣ ታሆ የተሰኘው ማክ ኦኤስ 26ም ኢንቴልን የሚደግፍ የመጨረሻው ነው።