የአሮጌዋ ቮልስ ሞተርና የቤታችን ወጪ



እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። የምነግራችሁ ግን በእጄ የምሠራውን ነው። ያረጀች ቮልስ በሒሳብ መዝገብ ላይ ዋጋዋ አልቋል ይባላል፤ ሽንኩርትና በርበሬ ጭና ገበያ የምታደርሰን ግን እሷው ናት። ጋራዥ በቆመች ቁጥር ሁለት ጊዜ እንከስራለን፤ አንድም ለጥገናው፣ አንድም ለባከነው ቀን።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። አየሩን የሚነፋው ፋን ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከረገበ ደህና ነው። ከተሰነጠቀ ቀይሩት። በመንገድ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ቤቴ ልድረስ» አትበሉ፤ ወዲያው አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ በዚያው መንዳት ሞተሩን ያቃጥለዋል።

ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ገመዶቹ እንዳይቀያየሩ አንድ በአንድ ሥሩ። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ በዘይት መራሱ ደግሞ ዘይት ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይናገራል። ስትመልሱት በጣታችሁ ጀምሩ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ሲጎድል እንኳ ይጎዳዋል። መለኪያውን ሳታዩ አትውጡ።

ከሁሉ በላይ የቤንዚኑን የጎማ ቱቦ አደራ። ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የሚንጠባጠበው ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ካረፈ እሳት ነው። ቤንዚን ከሸተታችሁ ሞተሩን አታስነሱ።

ቴስታታ ማውረድና የፍሬን ሥራ ለባለሙያ ይተው። ያኔም አሮጌው ዕቃ ይመለስልን በሉ፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን ዕቃና ዋጋውን በደብተር ጻፉ። «ጥገና» ተብሎ በደፈናው የተጻፈ ወጪ ለማንም አይናገርም፤ ዝርዝሩ ግን ያው ዕቃ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ያሳያል።

አንድ ሐሳብ ላቅርብና ላብቃ። የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ እያንዳንዳችን መግዛት አይጠበቅብንም። ማኅበሩ አንድ ሳጥን መሣሪያ ቢኖረው፣ እየፈረምን በተራ እንጠቀምበታለን። ለንግድ የተበደርነው ብርም ለንግዱ ይውላል።