ከሳንቃ በር ተነስቶ ዓለምን ማጥናት

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የዓለም ጂኦግራፊን ስልክ ላይ በሚከፈቱ የጥያቄ ካርዶች ስለማጥናት እናወጋለን። ለደባርቅ ተማሪዎች ብናዘጋጅ የመጀመሪያው ካርድ ምን ይሁን?

እሱ፦ የሰሜን ተራሮች ፓርኩ ሳንቃ በር! ከፊት ፎቶው፣ ከኋላ ስሙ።

እሷ፦ እሱንማ ልጆቹ ያውቁታል።

እሱ፦ ለዚህ እኮ ነው! ከሚያውቁት ተነስተው ይሻገሩ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በዚያው የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ ላሊበላም፣ የኢኳዶር ጋላፓጎስም፣ የሴኔጋል ጎሬ ደሴትም ነበሩ።

እሷ፦ ይህን ሁሉ አንድ ካርድ ላይ ልትጭነው?

እሱ፦ ኧረ የለም። አንድ ካርድ፣ አንድ ጥያቄ። «ጋላፓጎስ የየት አገር ነው?» በቃ።

እሷ፦ እኔ ስም ብቻ መሸምደድ አይጥመኝም። ስም ያልተጻፈበት ካርታ ያሳይና «ኢኳዶር የቷ ናት?» ይበል።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። የተሳተው ካርድ ቶሎ ይመለስ፣ የታወቀው ቆየት ብሎ ይምጣ። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ እንዲህ ነው የሚሠራው።

እሷ፦ ኔትወርክ በሌለበትስ?

እሱ፦ አንዴ ስልኩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

እሷ፦ ካርዶቹም መታደስ አለባቸው። የካዛክስታን ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 ኑርሱልታን ተብላ፣ በ2022 ተመልሳ አስታና ሆናለች።

እሱ፦ የራስ ደጀን ከፍታስ? አንዱ መጽሐፍ 4550 ሜትር ይላል፣ ሌላው 4533።

እሷ፦ ቁጥሩን ተወው። «ከኢትዮጵያ ተራሮች ከፍተኛው የቱ ነው?» ብለህ ጠይቅ።