ድምፅን ከመጉላቱ በፊት ስለ ማካፈል



እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በዛሬው የትምህርት ቤታችን በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል ስለ ተሰጠን ከልብ እናመሰግናለን። የመረጥነው ነገር ለአንዳንዶች ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም በቤት ውስጥ የሚሰማ ሙዚቃ ድምፁ ጥርት እንዲል ስለሚያደርገው፥ አክቲቭ ክሮስኦቨር ስለሚባለው መሣሪያ ነው። ነገር ግን በዚህ በሀይሌ ጋርመንት በብዙ ቤት ከአባቶቻችን ዘመን የቆየ ትልቅ የስፒከር ሣጥን አቧራ ለብሶ ጥግ ይዞ ይገኛል። ኋላም «ተበላሽቷል» ይባልና ለቆራሌው በርካሽ ይሰጣል። እኛ የምንለምናችሁ ሣጥኑ ከመሸጡ በፊት ውስጡ እንዲታይ ነው።

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ የላይኛው ጫፍ ግን ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ ይሄዳል (አባቶቻችን አይቀየሙን)። ይህን ሁሉ አንድ ስፒከር ብቻውን አጥርቶ ለማሰማት ይቸግረዋል። ስለዚህ ወፍራሙን ድምፅ ትልቁ ውፈር፥ ቀጭኑን ደግሞ ትንሹ ትዊተር ይይዛል። የሚያካፍላቸው ክሮስኦቨር ነው። በተለመደው ሣጥን ውስጥ ይህ ማካፈያ ከኮይልና ከካፓሲተር የተሠራ ሆኖ ከአምፕሊፋየሩ በኋላ ይገባል፤ ስሙም ፓሲቭ ይባላል።

የሰፈራችን ስም ነገሩን ለማስረዳት ይረዳናል። ጋርመንት ማለት ልብስ ነውና። ልብስ ሰፊ ጨርቁን አስቀድሞ ለክቶ ይቆርጣል፥ ከዚያ በኋላ ይሰፋል። ፓሲቩ ግን ልብሱ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ መቀስ እንደሚያነሣ ሰው ነው። አምፕሊፋየሩ ሁሉን በአንድ ላይ ካጎላው በኋላ ኃይሉ በኮይሉ ሲያልፍ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ደግሞም በስፒከሩ ጀርባ 8 ኦም ተብሎ ቢጻፍም፥ ይህ ቁጥር እንደ ድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ከፍና ዝቅ ስለሚል በልኩ መቁረጥ አስቸጋሪ ይሆናል። አክቲቩ የሚያካፍለው ድምፁ ገና አንድ ቮልት ያህል ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውፈሩ የራሱ አምፕሊፋየር፥ ትዊተሩም የራሱ ይኖረዋል። ውፈሩን የሚነዳው ከአቅሙ በላይ ተጨንቆ ቢንጫጫ እንኳ ጫጫታው ወደ ትዊተሩ አይሻገርም።

ጥቅሙን ለመረዳት በገናን እናስብ። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ድምፁም ወፍራም ነው። ነገር ግን በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፥ እንዝራ የምትባለው፥ ያንን ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች፤ በንዝረቱም ውስጥ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች አሉ። እንግዲህ አንዲት አውታር ስትነካ ሥሯ በውፈሩ፥ የንዝረቷ ከፊል በትዊተሩ ይወጣል ማለት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ፥ ዓለሙ አጋ የደረደሩት በገና ሁለት ሰዎች በሁለት ክፍል ተቀምጠው የሚደረድሩት ይመስላል።

ይህን መስማማት በሒሳብ ያበጁት ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝና ረስ ራይሊ የተባሉ የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲሶች ናቸው፤ የሊንክዊትዝ ጽሑፍ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ነው። መካፈያው ቦታ 2,500 ኸርዝ ቢሆን፥ በዚያ ነጥብ ላይ ውፈሩም ግማሽ ትዊተሩም ግማሽ ያሰማሉ፤ እኩል ስለሚንቀሳቀሱም ሲደመሩ ሙሉ ይሆናሉ። አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ በ1,250 ኸርዝ ግን ወደ ትዊተሩ የሚደርሰው ቮልት ከ17 አንዱ እጅ ብቻ ነው። ሒሳብ ከፈተና በቀር ምን ይሠራል ለሚሉ ጓደኞቻችን ይህን አደራ እንላለን።

ለሁሉም ቤት ይበጃል ግን አንልም። በየሣጥኑ ውፈርና ትዊተር ካለ፥ ለግራና ለቀኝ 4 የአምፕሊፋየር መስመር ያስፈልጋል። በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ውስጥ ትንንሽ ሣጥን ላለው ሰው ይህ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሣጥኑን ከግድግዳው ጥግ ቢያርቅ ይሻለዋል፥ ጎረቤቱም ያመሰግነዋል። ያረጀው አንድ ካፓሲተር ብቻ ከሆነም እርሱን መቀየር ይበቃል። ማካፈያው ተቃጥሎ ስፒከሮቹ ደኅና ለሆኑበት ትልቅ ሣጥን ግን፥ በተለይ ሁለት አሮጌ አምፕሊፋየር ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት ቤት፥ እንዲሞከር እንመክራለን። የውፈሩን ደኅንነት ለማወቅ ሽቦውን ከማካፈያው ፈትቶ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ማስነካት ነው፤ ጠቅ ብሎ ከተንቀሳቀሰ በሕይወት አለ። ትዊተሩን ግን በቴስተር መለካት ይሻላል።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ትዊተሩ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ፥ መብራት ሄዶ ድንገት ሲመለስ የሚሰማው «ዱብ» ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ በመካከል መጠኑ ተመርጦ አንድ ካፓሲተር ይግባ። ሲከፈት ክሮስኦቨሩ አስቀድሞ፥ አምፕሊፋየሮቹ በኋላ ይከፈቱ፤ ሲዘጋ አምፕሊፋየሮቹ ይቅደሙ። መብራት እንደ ሄደም፥ ሻማ ከመፈለግ በፊት፥ የአምፕሊፋየሮቹ ማብሪያ ይጥፋ።

አሁን በፊታችሁ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከቆራሌው እጅ የተረፈ አንድ ሣጥን አለ። መጀመሪያ በገናውን በውፈሩ ብቻ፥ ቀጥሎ በትዊተሩ ብቻ፥ በመጨረሻም በሁለቱም እናሰማችኋለን። ከኋላ የተቀመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ።