የደከመው መንፈሳችሁ ነው ወይስ ሰውነታችሁ?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ከእናንተ መካከል ጨጓራው ለወራት የሚያቃጥለው ሰው አለ። «ቀላል ነው» ብሎ ችሎታል። ግን ይቺ ቀላል ሕመም ሌሊት እንቅልፍ ትቆራርጣለች፤ ጠዋት በልጅ ላይ ታስጮኻለች፤ ለጸሎት ሲንበረከኩ ጉልበት ታሳጣለች። ያ ሰው ደግሞ «መንፈሳዊ ሕይወቴ ቀዘቀዘ» እያለ ራሱን ይከሳል።

እስቲ 1ኛ ነገሥት 19ን ክፈቱ። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን እግዚአብሔር አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ መልአኩም እንጎቻና ውኃ አቅርቦ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ የጠየቀው በልቶ ጠጥቶ፣ 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወገኔ፣ ራስህን ከመክሰስህ በፊት ተመርመር። ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ በምርመራ ይገኛል፣ በመድኃኒትም ይጠፋል። መታከም እምነት ማነስ አይደለም። ጸልይም፣ ታከምም። ጌታ ይባርካችሁ!