የጀልባ ሞተር ሲጠፋ



በ2003 ዓ.ም. በጉባ ምድር ሥራው የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከበስተኋላውም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሐይቅ ተኝቷል። መኪና ቢቆም ወርደን እንገፋዋለን፤ በሐይቅ መካከል ሞተር ቢጠፋ ግን ነፋስ ወደ ወደደው ይወስደናል።

ሞተር ተንገራግሮ ሲጠፋ ብዙዎቻችን ካርቡሬተሩን ለመፍታት እንቸኩላለን። ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው። አስቀድመን የቤንዚኑን መንገድ እንከተል።

የታንኩ መተንፈሻ ከተዘጋ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጠፋል፤ እንክፈተው። ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድተን እናቆየው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል። ቱቦው የተሰነጠቀ፣ ማጣሪያው የቆሸሸ እንዳይሆን እንይ። ካንዴላውን እንፍታ፤ ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ከራሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳት አልሰጠም።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ካርቡሬተሩ ይፈታ። ለወራት የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። በማጽጃ አጥበን በአየር እንንፋቸው እንጂ በሽቦ አንጎርጉራቸው፤ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ልኩ ይበላሻል።

ምርመራው ከዳር፣ ከእሳት ርቆ ይሁን። መቅዘፊያ ሳንይዝም ከዳር አንራቅ።