ስለ ምችና ስለ ዳማ ከሴ የተነገረ ቃል



በቢቸናና በሞጣ አገር ትኩሳት ይዞት በከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቍስል የወጣበት ሰው ‹ምች መታው› ይባላል፤ ዳማ ከሴም ታሽቶ ይቀባል። ምች የሚባለው ሕመም ልዩ ልዩ ነው፤ የከንፈሩን ቍስል የሚያመጣው ግን ሄርፐስ ሲምፕሌክስ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ አንድ ጊዜ ከገባ ዕድሜ ልክ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል፤ ትኩሳት፥ ድካም ወይም የፀሐይ ሐሩር ይቀሰቅሰዋል። አባቶች ፀሐይን መጠርጠራቸው እንግዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመ የኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ምርመራ የዳማ ከሴ ቅጠል በአይጦች ላይ ትኩሳትን እንዳበረደ አሳይቷል፤ ቫይረሱን ይገድላል ማለት ግን አይደለም። ቫይረሱ እንዳይራባ የሚያግደው አሲክሎቪር ነው፤ እርሱም ቢሆን ከነርቭ ሥር ፈጽሞ አይነቅለውም። መድኃኒቱን ያስገኘውን ቡድን የመሩት ገርትሩድ ኤሊየን በ1988 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ) የኖቤልን ሽልማት ከሁለት ሊቃውንት ጋር ተካፍለዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ዓይን ሲነካ ነው፤ የፊቱን ሽፋን አቍስሎ እስከ መታወር ያደርሳልና። ዓይኑ የቀላና ብርሃን የሚያመው ልጅ፥ ቅጠል ሳይጨመቅበት፥ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከንፈሩ የቈሰለም ሰው ጨቅላ ሕፃን አይሳም፤ በጨቅላ ላይ ቫይረሱ እስከ አንጎል ደርሶ ይገድላል።